ሁለት አውቶቡስ የሚቀይር ኳስ

«የኦርየም ጭልፊቶች ቤዝቦል ክለብ ለክቡራንና ክቡራት ደጋፊዎቹ በከባድ ሐዘን ያስታውቃል። በነገው የእሑድ ጨዋታ ቀድመው ለሚገቡ ተመልካቾች በነጻ ሊታደል የነበረው የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ ከክለቡ ፈቃድ ውጭ በሆነ ምክንያት ተሰርዟል። ክለቡ ለሚደርሰው ቅሬታ ሁሉ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። በዚሁ አጋጣሚ ዋና አሰልጣኝ ታክ ቾልጊ ዛሬ ከቀትር በኋላ በልምምድ አዳራሽ ውስጥ ሞተው መገኘታቸውን እንገልጻለን።»

ማስታወቂያው ሬሳው ገና ሳይነሳ በኮሪያዋ ከተማ በሞክፖ ስልኮች ሁሉ ላይ ደረሰ። የጻፉት የክለቡ ፕሬዚዳንት ጊል ሳንግቦም ናቸው። ሰውየው ወደ ስፖርት የመጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ የታሸገ ኑድል ሲሸጡ ኖረው ስለሆነ፣ ደንበኛን የሚያስቀይመው የትኛው ዜና እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ኢንስፔክተር መንግ ኦክሁይ ያነበበችው ከሟቹ ራስጌ ቆማ ነበር።

«ጎንበስ ያሉት ለዶሮው ነው ለሰውዬው?»

«ለዶሮው መሰለኝ፣ አለቃ» አለ ሳጅን ዩክ። መቀለዷን አልጠረጠረም።

መንግ ስልኳን ኪሷ ከተተች። አምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ ጫማዋ እርጥብ ወለል ላይ ሁልጊዜ የሚጮህባት ሴት ናት። ቤዝቦል ትወዳለች፤ ግን የምታየው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍታ ነው። ሰዎች ስለ ጨዋታው ማውራት ሲጀምሩ ጨዋታው ይጠፋብኛል ትላለች።

አዳራሹ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ወለሉ አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር። ዝናቡ ከላይ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታክ በአንደኛው ጫፍ በጀርባው ተንጋሏል። ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ የኳስ ስፌት እንደ ማኅተም ታትሞበታል፤ ኳሱም ከጎኑ ነው። በግራ እጁ ትንሽና ስስ ጓንት አጥልቋል። ፊቱ፣ ሰው ሊሰድብ አፉን ሲከፍት ሌላ ሰው የቀደመው ሰው ፊት ነበር። ከእሱ ፊት ለፊት፣ የአዳራሹ እኩሌታ ላይ፣ ወርዋሪዎች የሚቆሙበት ጉብታ አለ። ከጉብታው ጀርባ ያንኑ ያህል ርቀት ይቀጥልና ግድግዳ ይመጣል። የአዳራሹ ካሜራ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ያሸፈነው ራሱ ሟቹ ነው፤ ታክ ሰው የሚሰድበው በአደባባይ፣ የሚያስተምረው ግን በድብቅ ነበር።

«ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞተው ብሏል» አለ ዩክ። «ገዳዩንም ይዘነዋል። ፒዮ ሀራም፣ ወርዋሪው። ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የጮኸው እሱ ነው፤ ኳሱን እንደነካም አምኗል። ምክንያቱን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።»

እውነቱን ነው። ዓርብ ዕለት ጭልፊቶቹ ለስምንተኛ ጊዜ በተከታታይ ተሸነፉ፤ ታክም እንደ ልማዱ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዋረዳቸው። ስለ ወጣቱ ፒዮ፦ «የእሱ ኳስ ዝንብ ቢመታ፣ ዝንቧ አመስግና ነው የምትሄደው» አለ። ስለ ወርዋሪዎች አሰልጣኝ ስለ አዛውንቱ ኖ ዱክፓል፦ «እሱ የሚያሠለጥነው እንቅልፍ ነው።» ስለ አምበሉና ኳስ ቀላቢው፣ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ እየቀለበ ሯጮች ወደሚያርፉባቸው ቤዞች ስለሚመልሰው ስለ ቦንግ ጄሁን ደግሞ፦ «ቦንግ ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚወረውረው ኳስ እስኪደርስ ሁለት አውቶቡስ ይቀይራል። ክንዱ አልቋል። ጡረታ ይውጣና የዶሮ ጥብስ ቤት ይክፈት።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው የፊት ገጹ ላይ ኳስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ሥሎ ወጣ። ፒዮም በስልኩ ለተከታዮቹ ሁሉ አንድ መስመር ጻፈ፦ «እኔ ዝንብ አልገድልም። ዝንብ ምን አደረገችኝ?»

የቅዳሜው ጨዋታ በዝናብ ተሰረዘ። ተጫዋቾቹ ግን በጠዋት ተሰብስበው ራሳቸውን ተላጩ። በእኛ በኮሪያዎች ዘንድ ቡድን ሲሸነፍ ራስ ይላጫል፤ ራስ ምን እንዳጠፋ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ከተላጩ በኋላ ሁሉም የበሬ ሾርባ ሊጠጡ ወደ ከተማ ወጡ። ስታዲየሙ ውስጥ ከታክ ጋር የቀሩት አራት ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ጊል፣ አሰልጣኝ ኖ፣ አምበሉ ቦንግ እና ፒዮ።

«ፒዮ ሰኞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል» አለ ዩክ። «ክለቡም በር ላይ የነበረውን ፖስተሩን አውርዶታል።»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«ፖስተሩ ይቀላል፣ አለቃ።»

መንግ ወደ ጉብታው ሄደች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም የለም። አልፋው ሄደች። ጫማዋ እየጮኸ እስከ ግድግዳው ደረሰችና እዚያ ተንበረከከች። ሣሩ ላይ፣ ልክ መዳፍ በምታህል ቦታ፣ አመድ የመሰለ ነገር ፈሷል።

«አቧራ ነው» አለ ዩክ ከኋላዋ።

በጣቷ ተጭና አነሳችው። «አቧራ አይወጋም።»

ፀጉር ነበር፤ ከመላጫ የተረፈ፣ ከሩዝ ፍሬ ያጠረ ፀጉር። ሁሉም ነጭ ነው። መካከሉ አንድ ጥቁር እንኳ የለበትም።

ፒዮን ያገኘችው የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ነው። ቡድኑ ውስጥ ፀጉር ያለው ተጫዋች እሱ ብቻ ነበር፤ ያውም ትከሻው ድረስ።

«አንተ ለምን አልተላጨህም?»

«ስምንት ጊዜ የተሸነፍነው በፀጉሬ ከሆነ አሁኑኑ ላጩኝ። እንደዚያ ብዬ ሁሉም ሰደቡኝ። ጋሽ ቦንግ ብቻ መላጫውን ይዞ መጣና አየኝ፤ ‹ተወው› ብሎ አለፈ።»

«ኳሱን ለምን ነካህ?»

«ኳስ ወድቆ ሳይ አነሳለሁ። ከልጅነቴ እንደዚያ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። አንስቼው ቀና ስል ነው ሰውየውን ያየሁት።»

«ትጠላው ነበር?»

«አንዳንዴ ሰድቦኝ በማግስቱ አሪፍ እወረውራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሰድቦኝ በማግስቱ ጉድ እሆናለሁ። እሱ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የሚያናድደኝ ይኼ ነው።» ከዚያ ካቴናውን አየ። «እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ሰኞ ዐቃቤ ሕግ ቤት ፎቶ ከተነሳሁ፣ በኋላ ነጻ ነህ ቢሉኝ ማን ያጫውተኛል? እናቴ ስልክ ደውላ ‹አድርገኸዋል ወይ?› አላለችም። ‹ለምን አደረግከው?› ነው ያለችው።»

መንግ ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷ ተጨማዶ ነበር።

ፕሬዚዳንት ጊል ቢሯቸው ውስጥ ከክለቡ ባለቤት ከኑድል ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ጋር ስልክ ሲያወሩ ቆይተው ዘጉት። እሳቸውን ተፈጥሮ ቀድማ ስለላጨቻቸው ራሳቸው እንደ ሸክላ ሳህን ያበራል።

«እርስዎ ከልጆቹ ጋር አልተላጩም?»

ጊል ራሳቸውን ዳበስ አደረጉ። «እኔ ሁልጊዜም ከቡድኑ ጎን ነኝ።»

«ታክ ሰዎቹን በጋዜጣ ሲሰድብ ዝም ይሉት ነበር?»

«ዝም? እናበረታታው ነበር እንጂ! ይሠራላ! በአደባባይ ባዋረዳቸው ማግስት ብዙ ጊዜ አሸንፈናል። ባለቤቶቹም ይህን አይተው ለኑድል ሻጮቻችንም እንጀምረው እያሉ ነበር።»

«መቼ መቼ ነበር የሚያዋርዳቸው?»

«ስንሸነፍ ነዋ! ሲከፋብን፣ ሲብስብን።»

«ገባኝ» አለች መንግ። «እናቴም ዝናብ አላባራ ሲል ደጅ ወጥታ ሰማዩን ትሰድበው ነበር። አንድም ቀን ሳያባራ ቀርቶ አያውቅም።»

ጊል በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትዎ ብርቱ ሴት ነበሩ።»

አሰልጣኝ ኖ ሜዳው ዳር፣ የተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። አዲስ የተላጨው ራሳቸው በነጭ ጉቶ ተሸፍኗል። ዩክ የመንግን ክንድ ጎሰም አደረገና «አለቃ፣ ነጭ!» አለ በሹክሹክታ።

«ጋሽ ኖ፣ ማን ላጨዎት?»

«ቦንግ ነዋ። ሁሉንም የላጨው እሱ ነው፤ አምበል አይደል? እኔንማ ‹ጋሼ፣ ይቅርብዎ› ብሎኝ ነበር። ‹እንቅልፍ ለሚያሠለጥን ሰው ፀጉር ምን ያደርግለታል፣ ላጨኝ› አልኩት።»

«እሱንስ?»

«እሱማ ሽንት ቤት ገብቶ፣ ዘግቶ፣ ለራሱ ተላጨ። ዓይን አፋር ነው።»

ኖ የወረቀት ኩባያቸውን በግራ እጃቸው አንስተው ቡና ፉት አሉ። ቀኙ ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተኝቷል።

«ቀኝዎን አመምዎት?»

«እሱ ማመም ካቆመ ቆየ። ከጡቴ በላይ አይነሳም። በወጣትነቴ ስንት ጨዋታ መሰለሽ የወረወርኩበት? ያኔ በቃ የሚል አሰልጣኝ አልነበረም።»

«ከታክ ጋርስ እንዴት ነበራችሁ?»

«በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። ሰው ፊት ‹ኖ› እያለ ይዘልፈኛል፤ ለብቻችን ስንሆን ‹ወንድም ጋሼ› ብሎ ይጎነበስልኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊትም ሆነ ለብቻ ለእሱ ጎንበስ ብዬ አላውቅም። ለታናሼ? ሲሞትም አላደርገው…» አፋቸውን በግራ እጃቸው ያዙ። ዓይናቸውን ከዝናቡ ሳይነቅሉ ቀጠሉ። «እኔ ችዬዋለሁ፣ ሽማግሌ ነኝ። የቦንግ ነገር ነው የሚከብደኝ።»

«ምኑ?»

«ቦንግ አምበል የሆነ ሰሞን ታክ ጠራው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ታክ በገዛ እጁ ሶጁ የሚባለውን አረቄ ቀዳለትና ‹ልጆቹን ብሰድባቸው ይሰበራሉ። አንተን በአደባባይ እሰድብሃለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ። ቆዳህ ወፍራም ነው፤ ትችላለህ?› አለው። ቦንግ ታላቅ ፊት ሲጠጣ እንደሚደረገው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጠጣና ‹እችላለሁ› አለ። ሁለቱም ሳቁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታክ መቅዳቱን ተወው። ስድቡን አልተወውም።» ኖ ባዶውን ኩባያ ጨበጡት። «ጨዋታው መቼ እንዳበቃ፣ መቼ እውነት እንደሆነ፣ ለዚያ ልጅ የነገረው ሰው የለም።»

«ልጅ» ያሉት ሰው ወደ አርባ ተጠግቷል። መንግ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አገኘችው። ወፍራሙን የቀላቢ ጓንቱን ቅባት እየቀባ ነበር። ስትገባ ብድግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ኮፍያውን ግን እስከ ጆሮው እንደደፋ ቀረ። እንደ እሱ ያደገ ሰው ታላቅ ሲገባ ኮፍያ ያወልቃል። ቀኝ ትከሻው ላይ በረዶ የያዘ ከረጢት በጨርቅ ታስሯል።

ሳትጠይቀው ጀመረ። «ፒዮ አልገደለውም።»

«በምን አወቅህ?»

«የእሱ ኳስ ሲያመልጠው ወደ ታች ነው። ሲናደድ ሰው አይመታም፣ መሬት ነው የሚመታ። ከመሬት ስለቅምለት የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ለሳጅኑ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ለፍርድ ቤት ትነግራለህ› አለኝ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሽንት ቤት። ስላጭ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እዚህ።»

«የዛሬውን ጋዜጣ አየኸው?»

«አየሁት። አውቶቡሱን አሳምሮ ነው የሣለው።» ድምፁ ውስጥ ቀልድም ቁጣም አልነበረም። ጨርቁን ቅባት ነክሮ ወደ ጓንቱ ተመለሰ።

ሽንት ቤቱ ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ በፎጣ ደርቋል። መንግ ተጎንብሳ ከጠርዙ ሥር በስልኳ መብራት ፈለገች። አንድ ረዘም ያለ ፀጉር እርጥቡ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ጥቁር ነው፤ አንደኛው ጫፉ ግን ዱቄት ውስጥ የተነከረ ይመስል ነጭ። በሶፍት ጠቀለለችው።

«ጋሽ ኖን ልያዛቸው?» አለ ዩክ በሩ ላይ ቆሞ። «ነጭ ፀጉር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ነገ ጠዋት በሐዘን ሥርዓቱ ለታክ ፎቶ ሲሰገድ አራቱም ይኑሩ። ፒዮንም ይዘኸው ና።»

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አልቆመም። የታክ ፎቶ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቆሟል፤ ዙሪያውን ነጭ አበባ አለ። ጊል ከአበባው ጎን አንድ ካርቶን ኑድል አስቀምጠዋል። «ይወዱት ነበር» አሉ። ማንም አላስታወሰም።

ጊል ጫማቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ ሰገዱ። ኖ ለታናሽ ስለማይሰገድ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዩክ የፒዮን ካቴና ለጊዜው ፈታለት፤ ፒዮም ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደና ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ተራው የቦንግ ሆነ።

ቦንግ ፎቶው ፊት ቆመ። እጁ ወደ ኮፍያው ሄዶ ቀረ። ሁሉም ጠበቁት። ሟች ፊት ኮፍያ ደፍቶ የሚሰግድ ሰው በአገሩ የለም፤ ሳይሰግድ የሚወጣም አምበል የለም። በመጨረሻ አወለቀው።

ራሱ ከኖ ራስ ይበልጥ ነጭ ነበር።

«ጋሽ ቦንግ!» አለ ፒዮ አምልጦት። «ሽበት?»

ቦንግ ሁለት ጊዜ ሰግዶ ተነሳ። ኮፍያውን መልሶ አልደፋም።

«ተቀመጡ» አለች መንግ። «አልቆይም። መጀመሪያ ጓንቱ። ታክ ሲሞት ያጠለቀው ስስ ጓንት ነው። የወርዋሪ ኳስ የሚቀልብ ሰው የትኛውን ያጠልቃል?»

«ወፍራሙን» አለ ፒዮ። «በስሱማ እጁ ይሰበራል።»

«ስሱስ የማነው?»

«የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች» አሉ ኖ ቀስ ብለው። «ታክ በወጣትነቱ እዚያ ነበር የሚጫወተው።»

«ስለዚህ ማንም አድፍጦ አልመታውም። ቆሞ ኳስ እየጠበቀ ነበር፤ ያውም ቀላቢ ሯጭ ለማስቀረት ጉብታውን አሻግሮ ወደ ሁለተኛ ቤዝ የሚወረውረውን ዓይነት ኳስ። ቀጥሎ ርቀቱ። የወርዋሪ ቦታ ጉብታው ነው፤ እዚያ ምንም አልነበረም። ምልክቱን ያገኘሁት ከጉብታው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ነው። ቀላቢ ከቆመበት እስከ ሁለተኛው ቤዝ ያለው ርቀት ያን ያህል ነው። ምልክቱ ደግሞ ከተላጨ ራስ የረገፈ ብናኝ ፀጉር ነው። የአዳራሹ ሌላ ቦታ ላይ አንድም የለም፤ እዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ። ፒዮ፣ ታላቁን በኳስ የመታ ታናሽ ምን ያደርጋል?»

ፒዮ ወደ ቦንግ እያየ መለሰ። «ኮፍያውን አውልቆ ይጎነበሳል።»

«አስቦ?»

«ማሰብማ የለም። እጅ ራሱ ነው የሚሄደው።»

«ሮጦ ሄዶ ነው ወይስ በቆመበት?»

«በቆመበት።»

«አዲስ የተላጨ ሰው ኮፍያውን ሲያወልቅ፣ ውስጡ የቀረው ፀጉር እግሩ ሥር ይረግፋል። ነጭ ፀጉር ነበር። ፕሬዚዳንቱ የሚረግፍ የላቸውም…»

«ልክ ነው» አሉ ጊል በፍጥነት።

«…ፒዮ አልተላጨም። ጋሽ ኖ ነጭ ናቸው፤ ግን ቀኛቸው ከጡታቸው በላይ አይነሳም፣ ለታክም አይጎነበሱም።»

ዩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «አለቃ፣ ቦንግ ጋሽ ኖን ሲላጭ የሳቸው ፀጉር ልብሱ ላይ ቀርቶ ቢሆንስ?»

«ከልብስ የረገፈ ቢሆን ከሃያ ሰው ጥቁር ፀጉር ጋር ይደባለቅ ነበር። ይኼ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከኮፍያ ውስጥ ነው የወጣው።» ሶፍቱን ፈትታ ባለ ሁለት ቀለሙን ፀጉር አሳየች። «ሽንት ቤት ተዘግቶ የተላጨ ሰው ፀጉር ነው። ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ነጩ ሥሩ። መጀመሪያ ረዥሙ ይቆረጣል፣ መጨረሻ ሥሩ ይላጫል። ኮፍያ ውስጥ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። በረዶውንም አይቻለሁ፤ ጨዋታ ባልነበረበት ቀን ትከሻውን በበረዶ የሚያስር ሰው በሙሉ ኃይሉ ወርውሯል።»

ኖ «ስንት ዓመት ትቀባው ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ የአባት ድምፅ ነበር። ሽበት የታየበት ተጫዋች ውል ሲታደስ ስሙ መጨረሻ እንደሚነበብ ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለ ቦንግ። «ልጁን ልቀቁት።»

ዩክ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። ፒዮ ነጻ የወጣ ሰው አልመሰለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እያወቅህ ነው ታስሬ ያደርኩት? ጋሽ ቦንግ? እያወቅህ?»

ቦንግ ኮፍያውን በእጁ አጣጠፈው።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለች መንግ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይህን ፀጉርም ጓንትም አይመልሰውም። ታክ ክንድህን አሳየኝ ብሎ ጠራህ እንበል። ቆመ፣ ወረወርክ። ኳሱ ጓንቱን ስቶ ጆሮ ግንዱን አገኘው። አምልጦህ ነው ወይስ አልመህ?»

«አምልጦት ነው!» አሉ ጊል ተነስተው። «አምልጦት ነው እንጂ! የክለቡ አምበል ሰው አይገድልም። ማስታወቂያ ላይም እንዲያ ብለን እንጽፋለን።»

«አምልጦኛል በል፣ ልጄ» አሉ ኖ። «አንዲት ቃል ናት። በላትና ወደ ቤትህ ግባ።»

«እውነታቸውን ነው» አለች መንግ። «ካመለጠህ በቸልተኝነት ነው የምትጠየቀው፤ ብዙም አትታሰርም። ካለምክ ግን ዕድሜህን ነው። የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ቦንግ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየው። ካመለጠው ክንዱ አልቋል፤ ዓርብ ዕለት በአደባባይ የተባለው ሁሉ ልክ ነበር፣ ነገም በጋዜጣ ይታተማል። ካለመ ደግሞ ክንዱ እንደ ድሮው ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው መልሱን ለመስማት የቸኮለ ይመስላል።

«አልናገርም» አለ ቦንግ።

«ለእኔ ይቅር። ለፍርድ ቤቱስ? ለዚህ ልጅስ?»

«ለማንም አልናገርም።»